የካፖርትህ ቁልፍ

የትንሣኤ ንጋት፣ ደብረ ብርሃን በርዶ፣
ሰንጋው ለስምንታችን ገና በሌት ታርዶ፣
ዕጣ ሲሰበሰብ ጣሰው ጠጠር ጣለ፣
ወልደሃና ክብሪት፣ «ይኸውላችሁ» አለ፤
እኔ ያንተን ጣልኩኝ፣ የካፖርትህን ቁልፍ፣
አፈር ቢጫንህም ተራህ እንዳያልፍ።

ጎድኑ አልጫ ሆነ፣ ሽንጡ የዛሬ ጥብስ፣
ታፋውን ዘለዘልኩ፣ እንዳልከኝ፣ ሳይበጠስ፤
ከምሰሶ መስኮት በገመድ ሰቀልኩት፣
በርበሬ የነካ እጄን ዓይኔ ላይ ረሳሁት።

የሰኔ ጾም ወጣ፤ ሐምሌ ጉሙን ጫነ፤
የተረፈው ቋንጣ ቦዘና ሽሮ ሆነ።
ሽታዬ ጠየቀች፣ «የማን ድርሻ?» ብላ፤
«ያባትሽ ነው» አልኳት፣ «ወንድምሽም ይብላ።»

ቁልፏን አጠብኳት፤ ግን ስብ ስብ ትሸታለች።
ለመጪው ፋሲካ
ጨው ዕቃ ውስጥ አለች።