ሰሌዳ ተካዩ

ከሱር ወጥቶ፣ ባሕሩን በግራ ይዞ በሚሄደው መንገድ፣
ሥራዬ ሰሌዳ መትከል ነው፤ መቆፈር፣ ማቆም፣ መሄድ።
«እዚህ ምሽግ ነበር»፣ «እዚህ ጀልባ ይሠራ ነበር»፣ «እዚህ ሼኽ አረፈ»፤
ቡናማ ቆርቆሮ ላይ፣ በነጭ ቀለም፣ እንዲህ እንዲህ ተጻፈ።
ግመል ይታከክበታል፣ ጀርመን ቆሞ ፎቶ ያነሣል፤
ዓመት ሳይሞላ፣ ፀሐይ ስትልሰው ፊደሉ ይከሳል።
ሰባ ሳንቲ ሜትር ነው የአንዱ ታሪክ ጥልቀቱ፤
ከዚያ በታች ብቆፍር አይከፍለኝም ኮንትራቱ።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ፣
እኔና ሸፊቁል፣ የባንግላዴሹ፣ በአንዲት ጃንጥላ ጥላ
ሃያ ስምንተኛውን ጉድጓድ ጨርሰን ብረቱን ስናቆም፣
አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ሰላምታ የለ፣ «በርቱ»ም የለም።
የፕላስቲክ ወንበራቸውን አሸዋው ላይ እየጎተቱ
መጥተው ቁጭ አሉ፤ ወደ ቆርቆሮው አንጋጠው ተመለከቱ።
«የናኹዳ ኸልፋን ጉድጓድ። መርከበኞች ከዚህ ይቀዱ ነበር።»
ሳቁ። በሳቃቸው የወንበሩ እግር ሰመጠ ወደ አሸዋው ሥር።

«ጉድጓዱ እዚያ ማዶ ነው፤ አሁን መኪና ይታጠብበታል፤
ይሁን። ግን ኸልፋን ምን ቤት ነው? ስሙ ለምን ይጻፋል?
መርከብ ነበረው እንጂ ዶማ አልነበረውም።
የቆፈረው የአባቴ አባት ነው፤ ፈይሩዝ፤ ይኼም ስሙ አይደለም፣
የገዛው ሰው ያወጣለት ነው። ከናንተ አገር ነው የመጣ፤
ምን መጣ! ያመጡት እንጂ። የራሱን ስም ከአፉ ሳያወጣ
ሞተ። አንዲት ቃል ብቻ ነው የተወልን፤
ባልዲ ባወረደ ቁጥር፣ ጎንበስ ብሎ፣ ‹አቾ› ሲል ሰምተን
እናቱ ናት አልን። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሌላ ማንን ይጣራል?
ሴት ስትወለድልን አንዷን ‹አቾ› እንላለን፤ ስሙ እስካሁን ይጠራል።
አንተ ሐበሻ ነህ፤ ጁምዓን ቢን መርሁን ጠየቀኝ በል፤
ይህች ሴት የማን ልጅ ናት? አቾ የማን ወገን ትባል?»

አላወቅኋትም።
አማርኛዬን በረበርኩ፣ ከሥርቻው እስከ ጣራ፤
ያቺ ቃል ግን የለችም፣ ከቃላቶቼ ተራ።
ማታ ስልክ ጨበጥኩ፤ ለፀጉር ሠሪዋ፣ ለጎንደሬው ሹፌር፣
ለአክስቴ ልጅ። «የኛ አይደለም» የሁሉም መልስ ነበር።

የኛ አይደለም።
ቅድመ አያቴ በአንኮበር ቁልቁለት ኬላ ይጠብቅ ነበር ይሉኛል፤
ቤተ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህ ማዕረግ ይነሣል።
ከአሞሌው ይቀረጣል፣ ከቡናው፣ ከዝባዱ ቀንድ፤
ከሰውስ? ብዬ አልጠየቅሁም። ሰውም ያልፍ ነበር በዚያው መንገድ።

ዓርብ ወይንሸት ቆጭቶ ደወለች፣ የቦንጋዋ፣
ከአሠሪዎቿ ደረጃ ሥር፣ በሹክሹክታ፦ «አቾ? ውሃ ነዋ!»

ቅዳሜ ነገርኳቸው።
ዝም አሉ። ሸፊቁል እንኳ ሲሚንቶ ማቡካቱን አቆመ።
«ታዲያ እናት አይደለችም?» አሉ። ድምፃቸው ደከመ።
«ሦስት ሴቶች ቀብረናል በዚህ ስም፤ አራተኛዋ ነርስ ናት፣ ኢብራ፤
አሁን ምን ብዬ ልደውልላት? ምን ብዬ ልጥራ?»
ጉንጫቸውን አሹ፤ ባሕሩን አዩ። «ቆይ ቆይ፤ በዚህ በረሃ
የሰው ልጅ የጨነቀው ቀን ማንን ይጠራል? እናቱን፣ ወይ ውሃ።»

ሲሚንቶ ሰባት ቀን ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤
የኔ ፋንታ ነበር። «ተወው፣ ይሄስ ለኔ ይገባል»
አሉ ጁምዓን። በየንጋቱ ጀሪካን አንጠልጥለው
ከተሳሳተው ሰሌዳ ሥር ያፈሱ ነበር፣ «አቾ» ብለው።

ሰሌዳው ዛሬም የኸልፋን ነው።
ኬላውን ግን አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን ወንበራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።
ከሰባ ሳንቲ ሜትር በታች ነው።