ክር የሌለው መርፌ

ከመኪና ግርግር ነኝ፤ ከልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር፣
አርባ አንድ ዓመት በመርፌ የኖርሁ፤ ስጠቅም፣ ስዘመዝም፣ ስተረትር።
የሙሽራ ገበር በእጄ አልፏል፤ የተማሪ ዩኒፎርም፤
ከፈንም ቀድጃለሁ፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ያ እጅ ነው እንግዲህ፣ በስልሳ ዓመቴ ደጃፍ፣
እንደ ሊጥ ኩፍ ያለው፤ እምቢ ያለው መቀስ ለመክፈት፣ ጨርቅ ለማጠፍ።
መጀመሪያ አንጓዬ ነደደ፤ ጉልበቴ ተከተለ፤
ከዚያ አንድ ስሙን የማላውቀው ነገር ደረቴ ላይ ተደላደለ።
ሱቄን እከፍታለሁ፤ ጨርቁ ከፊቴ ይዘረጋል፤
ጠመኔውን እንደያዝኩ ዙህር አልፎ መግሪብ ይደርሳል።

ጎረቤቴ አው ቡሽራ፣ መኪናውን እየረገጠ፣
"ረምዚ፣ ዓይን ነው" አለኝ፤ ሼኹ ዘንድ ሊወስደኝ ቆረጠ።
ፈቲያ "ጫት አብዝተህ ነው" አለች። ልጄ ኢብቲሳም ዝም አለች፤
ነደባው ላይ ካጠገቤ ተቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠረች።
እኔ የምለው አንድ ነበር፤ ሌትም ቀንም፦ "በገንኩ።"
"ማን አበገነህ?" ይሉኛል።
ማንም። እንዲሁ በገንኩ።

ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ ከፋርማሲው በላይ ካለው ፎቅ፣
ዶክተር ኑሪያ አለች፤ ስድስት ዓመት ቲያንጂን ተምራ የመጣች፤ ከዚያ ሩቅ።
የደሜን ውጤት ደጋግማ አየች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፤
"ብግነት ነው" አለችኝ፤ "አንተ" ብላ፤ በሐረር ወግ፤ አንቱታውን ጥላ።
"እሳቱ አንጓህ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ከደምህ ጋር ይዞራል፤
ወደ ላይ ወጥቶ ከስሜትህ ደጃፍ ይቆማል፤
ድባቴ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ሐዘን ሳይጠራው ይመጣል።"

ሳቅሁ። ከስንት ወር በኋላ፤ ሳቄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።
ብግነት! "በገንኩ" ስል ሰው ሁሉ ቂም ነበር የጠረጠረብኝ።
አፌ ያወቀውን ቃል ደሜ ገና ዛሬ ፈረመበት፤
ስንቴ ነገርኳቸው፤ እኔም ራሴ ነበርኩ ያልሰማሁት።

"ክኒኑን አታቋርጥ" አለች። "መርፌው ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም፤
ጥናቱ ገና ነው፤ ለሁሉ ሰው ይሠራል ብዬ አልምልም።"
ወደድኩላት። ልብስ ሰፊም እንዲህ ሲል ነው የሚታመነው፦
"ይጠብህ ይሆናል፤ ለብሰህ እየው።"

መርፌዎቿን አወጣች፤ ከዘጠኝ ቁጥርም የቀጠኑ፤
በልምድ ክር ማስገቢያቸውን ፈለግሁ፤ ዓይን የሌላቸው ሆኑ።
"ክሩስ?" አልኳት።
"ክር የለውም" አለች።

አንድ ከጉልበቴ በታች፤ ሁለት ከእጄ አንጓ ሥር፤ አንድ ከቅንድቤ መሐል፤
አርባ አንድ ዓመት ጨርቅ ወግቼ፣ ጨርቅ የመሆን ተራ ደርሶኛል።
አይወጋም፤ ይከብዳል፤ ሰው ከሩቅ ስምህን ሲጠራህ፣
"አቤት" ልትል አፍህን ከፍተህ፣ ድምፁ መልሶ እንደሚጠፋብህ።
ሃያ ደቂቃ ኮርኒስ አያለሁ። ከታች ባጃጅ ያጓራል፤
አንዲት ሴት ማንጎ ትሸጣለች፤ ዋጋው በኦሮምኛ ይጠራል።
የእኔ መርፌ ወግቶ ያልፋል፤ ይህ ግን ገብቶ ይቀመጣል፤
እንዲህ ያለ ሥራ ፈት መርፌ ማን አይቷል?

ማክሰኞ። ሌላ ማክሰኞ። አምስተኛው ላይ ምንም።
"ይቅርብኝ" አልኩ። ኢብቲሳም ባጃጅ አስቁማ ጠበቀችኝ፤ አልተከራከረችም።

ከዘጠነኛው ማክሰኞ ማግስት፣ ሱቄ ተቀምጬ፣ ጠመኔ በእጄ፣
አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቂጭ፣ ቂጭ፤ በቀኝ በኩል፣ ከደጄ።
መንደራችን ስሙን ያገኘው ከዚህ ድምፅ ነው፤ ግርግር፤
እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም ነበር።

እጄ አሁንም ያበጠ ነው፤ መቀሱን ኢብቲሳም ትይዝልኛለች፤
ያቺም ነገር አንዳንድ ጠዋት ደረቴ ላይ ትመለሳለች።
ግን ያን ዕለት ዞርኩና፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ እንደ ድሮዬ፦
"አው ቡሽራ! ዘይት አጠጣት እንጂ ይቺን መኪና!
አበገንከኝ!"

እግሩን ከፔዳሉ አነሳ፤
ብዙ ቆይቶ አየኝ።