የዝናብ መዝገቡ ጠርዝ

አጎቴ ሙሄ፣ ጨፋ ዳር፣ ዝናብ ለኪ ነበር፤
ሲነጋ ከጣሳው ሥር፣ ሲመሽ ከቦዩ ድንበር።
የጧቱን በቁጥር፣ ለመንግሥት፣ ሰንጠረዡ ላይ፤
የማታውን በነጥብ፣ ለራሱ፣ ጠርዙ ላይ።
አንድ ነጥብ አንድ ብርሃን፤ አንዲት አብሪ ጥንዚዛ፣
ከፊላው ሥር ብቅ ያለች፣ በጀርባዋ ጤዛ ይዛ።

ሲሞት መዝገቡ ለእኔ ደረሰ፣
ጥግ ጥጉን ምስጥ የቀመሰ።

በልግ በቀረበት ዓመት፣ መጋቢት ባዶ፣ ሚያዝያ ባዶ፤
ሐምሌ ላይ ነጥብ የለም፣ ቦርከና ግን ሞልቷል፣ ዳሩን ንዶ።
ለምን? አልሁ። በእርሳስ የጫራት ቃል ትመልሳለች፦
«እጯ ከአፈር ውስጥ ቀንድ አውጣ በልታ ታድጋለች፤
ቀንድ አውጣም ያለ እርጥብ የት ትገኛለች?»

ለካ የሐምሌ መብራት ዘይቱ የሚቀዳው በመጋቢት፤
ያኔ ያልራሰ ጭቃ፣ ክረምት ሲገባ የለውም ክብሪት።

ከዚያ ቦዩ ጠለቀ፣ ረግረጉ ተጠነፈፈ፤
ፊላው ታጨደ፣ ሽንኩርት በረድፍ ተሰለፈ።
መድኃኒት ተረጨ። ነጥቡ ከሠላሳ ወደ ዘጠኝ፣
ከዘጠኝ ወደ ሦስት። እጁም እዚህ ላይ ደክሟል መሰለኝ።

«ሙቀቱ ገፍቷቸው ወደ አርዲቦ ወጥተው ይሆን?» ይላል፤
ወረድ ብሎ፣ ራሱ ለራሱ፣ እንዲህ ይመልሳል፦
«ሴቲቱ ክንፍ የላትም።
ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ አትወጣም።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ እንደ ኑዛዜ፦
«ዜሮ ማለት፣ አየሁ፣ አልነበረም።
ሰረዝ ማለት፣ አላየሁም።
ሁለቱን ያምታታ ሰው ዝናብ አይለካም።»

የእኔን ዓመታት ገለጥሁ።
ስድስት ክረምት፣ ጠርዙ ሰረዝ እንኳ የለውም።
በየሰርጉ፣ በየለቅሶው «ጠፍተዋል» ስል ከርሜአለሁ፣
አንድ ምሽት ወርጄ ሳላይ።

ትናንት ከመግሪብ በኋላ ወደ ቦዩ ወረድሁ፤
የፓምፑን አምፖል «እስከ ዒሻ አጥፊልኝ» ብዬ ጦይባን ለመንሁ።
«ሌባ ልትጠብቅ ነው?» አለች። ሳቀች። አጠፋችው።

መጀመሪያ ምንም።
ትንኝ። እንቁራሪት። የራሴ ትንፋሽ።
ቆይቶ ከማዶ፣ ከተረፈችው አንድ ክንድ ቄጤማ ውስጥ፣
ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ አንዴ።
ጠበቅሁ። አልደገመም።
የሰው ስልክ ይሆናል። ዓይኔም ይሆናል።

መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በዳበሳ ጻፍሁ፦
ነጥብ፤
ከነጥቡ ጎን ጥያቄ ምልክት።

ጦይባ አምፖሉን መለሰችው።
ሽንኩርቱ በየረድፉ ታየ።