በቀን ሁለት ጊዜ

አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣
አንኩድ ከሰሜኑ፣ ከቺሎዌ ዝናብ ውሎ፣
ዳልካኡዌ ከወደቡ፣ ጀልባ ከሚጠገንበት፣
አቻኦ ከባሕር ማዶ፣ ሽቦ ካልደረሰበት።
እኔ ኤራስሞ ነኝ፣ ሥራዬ ማገናኘት፣
ሦስቱ እንዳይቆራረጡ ሌት ተቀን ማየት።

ከአቻኦ ስልክ ይጮኻል፦
«ኤራስሞ፣ መምህሯ አፏን እንደ ከፈተች
ስክሪኑ ላይ ቀረች!»
«ስንት ሰዓት ሆናት?»
«እኛስ ምሳ በላን፤ እሷ እዚያው ናት።»

ሬክተሩ ሰማና «ቧንቧው ጠቦ ነው» አለ፤
«ግዙ! አስፉት! አስፉት!» ገንዘብ ተከፈለ።
ቧንቧው እጥፍ ሆነ፤ ሂሳቡም እጥፍ መጣ፤
ከዚያች መምህር አፍ ግን አንድ ቃል አልወጣ።

እኔ ከሥሩ ጀመርኩ።
አቧራ የዋጠውን ጓዳ ከፍቼ፣ ኬብል በኬብል ቆጠርኩ፤
ዞሮ ራሱን የሚነክስ መስመር አገኘሁ፣ ቆረጥኩ።
ከቤተ መጻሕፍቱ ጣራ አንድ የተረሳ ካሜራ
ላልጠየቀው ሁሉ ሌት ተቀን ሲያወራ፣
የሚያሳየው ደግሞ የባሕር ወፍ ጎጆ!
ዘጋሁት።
የተማሪውን መስመር ከሂሳብ ክፍሉ ለየሁት፤
ለሰው ድምፅ ቅድሚያ፣ ፊልም ለሚያወርደው ወረፋ።
አንኩድ ተፈወሰ። ዳልካኡዌ ቀና።
አቻኦ ግን በቀን ሁለቴ ትሞታለች ገና።

ሰኞ ሁለት ሰዓት፣
ማክሰኞ ለሦስት ዐሥር ጉዳይ፣
ረቡዕ ሦስት ከአርባ።
ሌባ ነው አልኩኝ፤ ሰዓት የሚያውቅ ሌባ፣
እየዘገየ እንጂ ሳይቀር የሚገባ።
የወሩን መዝገብ በግራፍ አወጣሁት፤
ሽቅብ ቁልቁል የሚል፤ ከግድግዳው ለጠፍኩት።

ኖልፋ ሚያሎንኮ፣ ቢሮ የምትጠርግ፣
ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ዛጎል የምትፈልግ፣
መጥረጊያዋን አቆመች፤ አየችው፤ ቀረበች፤
በጣቷ እየተከተለች እስከ ዳሩ ሄደች።
«ባሕሩን ማነው እንዲህ ዘቅዝቆ የሣለው?
የወደቀው ሙላት፣ የቀናው ሽሽት ነው።
ሐሙስ ዛጎል የለቀምኩት እዚህ ጋ ነው፣ ይኸው!»
ከሽርጧ ኪስም የአጥማጆች ሰሌዳ አወጣች፤
እርጥብ፣ ጨው የበላው፤
ከግራፌ ጋር ቢጋጠም፣ አንድ ቀን አልጎደለው።

ሌሊቱን ስቀመጥ ነገሩ ገባኝ፦
ከማማው የወጣ ቃል ሁለት መንገድ አለው፤
አንዱ በአየር ቀጥ ይላል፣
አንዱ ውኃውን ረግጦ ይነጥራል።
ባሕሩ ሲሞላ፣ መስተዋቱ ከፍ ሲል፣
መንትዮቹ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ፤
አንዱ «አዎ» ሲል አንዱ «አይ» ይላል፤
ይጣፋሉ።
ለዚህ ነው አቻኦ ዝም የምትል።

ሦስት ብሎን፣ አንድ ገመድ፣ ዝናቡ ያላባራ ጧት።
አንቴናውን ከጫፍ አውርጄ አራት ሜትር ዝቅ አደረግሁት፤
የጀልባ ሠሪዎቹ ጣራ ውኃውን ጋረደለት፤
ወንድሙን ያያል፣ ባሕሩን አያይም።
(ሁሉም «ከፍ አድርገው» ይላል፤
ዝቅ ማለት እንደሚያሻግር ማንም አያምንም።)

መምህሯ አፏን ገጠመች። ዓረፍተ ነገሩ አለቀ።
ሬክተሩ ስለ ሰፊው ቧንቧ ተናገረ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ሞቀ።
ሂሳቡ ዛሬም በየወሩ ይመጣል።

«ምን ልስጥሽ?» አልኳት ኖልፋን።
«ያን ወረቀት» አለች፣ «ከምድጃዬ በላይ እሰቅለዋለሁ፤
በየወሩ ደግሞ አዲስ እወስዳለሁ።»
ወር ሲሞላ አትሜ ሰጠኋት።
አገላበጠችው። ወደ መስኮቱ ወሰደችው። መለሰችልኝ።
«ይኼማ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ኤራስሞ፤
በዚህ ማን ባሕር ይወርዳል?»