አዳኝ

ኦካ ወንዝ ረግቷል፣ ድልድዩ ጭር ብሏል፣
ከሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ መብራት በርቷል።
ካፒቶሊና ናት። አራት ሳህን ይዛ፣
ሻይዋን ረስታ፣ ማስመሪያዋን መዝዛ።

በየሳህኑ ላይ ባክቴሪያ ተዘርቷል፣
እንደ ማለዳ ጉም ዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤
በጉሙ መካከል ክብ ክብ ቀዳዳ፣
ጠብታ ያረፈበት ጥርት ያለ ሜዳ።

አንዱ ከአሳማ ደም፣ ከነጩ ሕዋስ፣
አንዱ ከሐር ትል ነው፣ ክሯን ስትለብስ፤
ሦስተኛው ከሸርጣን፣ ከፈረስ ኮቴው ዘር፣
ዳይኖሰር ሳይመጣ ጭቃ ላይ የነበር፤
አራተኛው የሷው፣ የመንደሯ እንቁራሪት፣
ዝሆንን ላክል ሳትል ኩሬ የበቃት።

ሐምሌ እዚያ በጋ ነው፤ ፍሪጅም አልነበረ።
እናቷ አግራፌና፣ ወተቱ እንዳይኮመጥጥባት፣
ከኩሬ አንዷን ይዛ
ጋኑ ውስጥ ትጥላለች። ዋኚበት። ጠብቂበት።
ልጅቱ ጠዋት ስትጠጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤
ወተቱ ግን አልጎመዘዘም።
ያኔ ከትምህርት ቤት ልጆች አፍራ የደበቀችው
ዛሬ ቁጥር ተሰጥቶት ጠርሙስ ውስጥ ያያታል።

ማስመሪያው ተጋደመ።
እንቁራሪት፣ ዘጠኝ ሚሊ። የሐር ትል፣ አሥራ አንድ።
አሳማ፣ አሥራ አምስት።
ሸርጣን፣ ሃያ ሁለት!
ተማሪዋ ዛሪፋ፣ በረዶ ከትከሻዋ ሳታራግፍ፣
«አሸነፈ!» ብላ አጨበጨበች።
«ቆይ» አለች ካፒቶሊና፤ «ደሙን ገና አላየንም።»

ሌላ ረድፍ አለ፤ የሰው ቀይ ሕዋስ በቱቦ፣
ደሙ ከታች ዘቅጦ፣ ውሃው ከላይ ኩልል ብሎ።
ከእንቁራሪቷ ጋር ያደረው እንደ ዘቀጠ ነው።
ከሐር ትሏም ጋር።
ከአሳማው ጋር ያደረው ጥቂት ቀላ።
ከሸርጣኑ ጋር ያደረው ግን
እስከ አፉ ድረስ ቀይ ሻይ መስሏል፤
ባክቴሪያውን የቀደደ ጥርስ የኛንም ቀዶታል።

«አዳኝ» ብለህ ጻፍ እስቲ፣ ፊደሉ አንድ ነው፤
«ዳ» ጠብቃ ስትነበብ ጦር የያዘ ሰው ነው፣
ላልታ ስትነበብ ግን ከሞት የሚመልስ ነው።
ሳህን ግን ድምፅ የለው፣ አያጠብቅ፣ አያላላ፣
ክቡን ብቻ ያሳያል፤
ማን እንደ ተረፈ የሚጠየቅ ኋላ።

«ታዲያ የቱን እንጻፍ?»
«አራቱንም። ከነደማቸው።»
ዛሪፋ ቅር አላት፤ ሃያ ሁለትን ወዳው ነበር።

ካፒቶሊና ሻይዋን አስታወሰች።
ከኮሪደሩ ፍሪጅ የወተት ካርቶን አወጣች፣
ከፈተች፣ አሸተተች፣
ፊቷን አጨፈገገች፤
ከዚያ ብቻዋን፣ ለረጅም ጊዜ ሳቀች።