ሦስት ድንጋይ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ከካባው አፋፍ ላይ፣
ወንድሜ ደምመላሽ ድንጋይ ሲፈልጥ ይውላል፤
ሌሊት ተራው ነው፤ ኩላሊቱ ውስጥ ያለው
ድንጋይ እሱን ይፈልጠዋል።

እኔ ደግሞ እዚሁ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣
ከሰው ጉበት ኢንዛይም፣ ከአንዲት ጠብታ፣
ሦስተኛ ድንጋይ አበቅላለሁ፤
ከአሸዋ ያነሰች፤ መብራት በሄደ ቁጥር
ሟሟች ብዬ እሰጋለሁ።

ጨረር ቢያርፍባት ነጥብ ሆና ተዘራች፤
ስለቅም፣ ስለቅም፣ ስንት ወር አልፎ
ጓዳዋ ታየችኝ፤ ጠባብ ናት፣ የተጣመመች፤
ያ የሚወጋው ጨው እዚያ ነው የሚጠነሰሰው።

ደጇን የሚዘጋ አንድ ሞለኪውል ቢገኝ...
መድኃኒት አላልሁም።
ገና ነው።

ደምመላሽ ምስሉን ስልኬ ላይ አገላብጦ አየና ዝም አለ።
«ስንጥቁ በየት ነው?» አለኝ ቆይቶ፤
«መዶሻ አይነሣም፣
የድንጋዩ መስመር ሳይታይ ተለይቶ።»