ትንሽ ጨለማ ጨምርበት

ከመንገድ ሥራው ካምፕ፣ ጨረታ ሲወጣ፣
ጎማው የተኛ ተጎታች ቤት ደጄ ድረስ መጣ።
ሁለት መኝታ አለው፣ አንዲት ጠባብ መስኮት፣
በሩ ላይ ማንም ያላነበበው የቻይና ጽሑፍ አለበት።
ሐይቅ ወስደን አቆምነው፤ ከውኃው ተጠጋን፤
ከጎኑ ላይ ጥላ፣ ሸራውን ዘረጋን፤
ጦይባ ቆረሶ ልትጠብስ፣ እኔ ሎሚ ልቆርጥ፤
ጉልበቴ እምቢ ብሏል ፍሪሲዮን ልረግጥ።

መብራት ጎደለ ተባለ። ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ፣
አምስት ሜትር ኤልኢዲ ገዛሁ፣ ሪባን መሳይ፣ ነጭ፣ ያለ አምሳያ፤
በሸራው ጠርዝ ለጠፍኩት፣ ከባትሪው አገናኘሁት፣
ሲመሽ ቢስሚላህ ብዬ አበራሁት።
አቤት!
ደጃችን ኳስ ሜዳ ሆነ። የሐይቁ ትንኝ ሠርግ ነው ብሎ
መጣ፣ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ።
የሰው ቡግር ታየ፣ የጥርስ ስንጥር፣
ከጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የሚቆጠር ብር።
ጋሼ አበጋዝ ደግሞ፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣
በየምሽቱ ዳር ወንበር ላይ ጊዜ አሳላፊ፣
ፊቱን ለውኃው ሰጥቶ፣ ጀርባውን ለእኛ፣
ዓሣም ሳያዝ የሚያመሽ፣ የማይከፍል ደንበኛ፣
ያን ማታ ዓይኑን በመዳፉ ጋርዶ ተነሣ፤
«ችሎት መሰለኝ» ብሎ ሄደ፤ ደጃችንን ረሳ።

ሙሄ ተጠራ። መጣ፣ ፒንሳውን ኪሱ ከቶ፣
መጀመሪያ የቤቱን ዲመር፣ የሁለት መቶ ሃያውን አምጥቶ፤
ገና ሲያገናኘው ሪባኑ እንደ ታመመ ዓይን ተርገበገበ፣
የፕላስቲክ ሽታ ከዓሣው ሽታ ጋር ሸራው ሥር ተሰበሰበ።
«አብሽር፤ ይኼ የግድግዳ ነው፤ የአንተ ቤት ከባትሪ ነው የሚጠጣ፤
ነገ ከኮምቦልቻ የአሥራ ሁለት ቮልቱ ይመጣ።»

በነጋታው ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣
ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ፣ ትርፉን ጠቅልሎ ከወለሉ ሥር፣
አውራ ጣት የምታህል ቁልፍ ከበሩ ጎን ሰካ፤
ቀስ አርጎ ሲያዞራት ነጩ ሁሉ ዝግ አለ፤ ለካ
ሸራው አረንጓዴ ኖሯል!

«ብርሃኑ የቀነሰ እንዳይመስልህ» አለ፣ ሎሚ እየጨመቀ፣
«ይኼ ዕቃ በሰከንድ ሺህ ጊዜ እየሰጠ፣ ሺህ ጊዜ እየነጠቀ፣
መሐል መሐሉ ላይ ትንሽ ጨለማ ይጨምርበታል፤
ዓይንህ ዘገምተኛ ነውና፣ ሳይጠፋ የሚያመሽ ይመስልሃል።»

ዝም አልኩ።
ሃያ አንድ ዓመት ከጋላፊ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ጋላፊ፣
ሚሌ ላይ አዳሪ፣ ባቲን በሌሊት አላፊ፣
አንድ ማታ በርቼ፣ አምስት ማታ የምጠፋ፣
የልጄ ጥርስ ሲበቅል መንገድ ላይ፣ ሲወልቅ ደግሞ ጎማ ስነፋ፤
ግን ቤቴ መብራቱ እንዳለ ነው ብዬ አምን ነበር፤
ሁሌ የታጠፈ ልብስ፣ ሁሌ የተከፈተ በር።
«ሰማሽ የሚለውን?» አልኳት። «እኔም እንዲያ ነበርኩ፤
ቶሎ ቶሎ እየተመላለስኩ፣ መጥፋቴ ሳይታይ ኖርኩ።»

ዓሣውን ገለበጠች። ዘይቱ ተንጫጫ።
«የአንተ ሺህ ጊዜ አይደለም» አለች። «የእኔም ዓይን ዘገምተኛ አይደለም፤
እያንዳንዷን አይቻለሁ።» ሌላ አልተናገረችም።
ሙሄ የጨመቀውን ሎሚ አስቀመጠ።
ሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ፣ ያለ መብራት፣ አለፈ።

በአራተኛው ቀን ጋሼ አበጋዝ ኮቱን ደርቦ መጣ፤
ወንበሩን ወደ ውኃው አዞረ፤ ዓሣም አላዘዘ፣ ሻይም አልጠጣ።
ቁልፏን ልቀንስ እጄን ስዘረጋ ጦይባ ቀደመችኝ፤
ሩብ ዙር አዞረች፣ ቆም አለች፣ መለስ ብላ አየችኝ፤
ከዚያ ጥቂት ጨመረችው።

አሁን በቀን ሲታይ ቁልፏ ላይ የጣት አሻራ አለ።
የዘይት ነው። የእሷ ነው።
ጨርቅ ይዤ ሄጄ ተውኩት።